ክቡር ለማንኛውም ወንዝ ወረዱ

በየቤተሰቡ አንድ አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ትርፍ አምፖል ሊያመጣላችሁ ጓዳ ገብቶ ይሆናል። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ጃንጥላ፣ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ደግሞ ሁለት ጃንጥላ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። በሩን ይቆልፋል፣ ይገፋዋል፣ ዐሥር እርምጃ ይሄድና ተመልሶ እንደገና ይገፋዋል። መንግሥት ይለወጣል፣ ድልድይ ይፈርሳል፣ ይህ ሰው ግን ከኪሱ መርፌና ክር አያጣም።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱን የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። እናታቸው ካወጡላቸው ስም ይልቅ እኛ ያወጣንላቸው ይታወቃል፦ ክቡር ለማንኛውም። ማዕረጉን ያገኙት በዘመድ አይደለም፣ ሠርተው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ሆስፒታል ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ አንድም ቀን «ጓንት አልቋል፣ ፋሻ ጠፍቷል» ተብሎ አያውቅም። ሐኪሞቹ ዐሥር ሣጥን ከጠየቁ እሳቸው ዐሥራ ሁለት ያዝዛሉ። «ሁለቱ ለምንድን ነው?» ሲባሉ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «ለማንኛውም» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

ጡረታ ሲወጡ ሆስፒታሉ ቁልፉን ተረከባቸው እንጂ ጠባዩን አልተረከበም። ጠባዩ እንዳለ ተጠቅልሎ እህቴ ቤት ገባ። ኮሪደሩ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ቁም ሣጥን አለ፤ በየመደርደሪያው ወረቀት ተለጥፏል። «ገመድ፣ ቀጭን»፣ «ገመድ፣ ወፍራም»፣ «ገመድ፣ ያልታወቀ» ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት ለቀውት የመጡት ቤት የበር እጀታ እንኳ እዚያ ውስጥ አለ። «በሩ ራሱ እኮ የለም፣ ጋሼ» ብላቸው «እሱን አውቃለሁ፤ በር ሲገኝስ?» አሉኝ። አንድ ጊዜ አብረን ልንበር አውሮፕላን ማረፊያ ከሰዓቱ በጣም ቀድመን ስለደረስን፣ ጥበቃው የትናንቱ በረራ ያመለጠን መስሎት አዝኖልን ወንበር ፈለገልን።

እህቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ በሰማያዊ ጠመኔ ወንዝ ስትስል ኖረች፤ ምንጩን፣ መታጠፊያውን፣ መጨረሻውን ለልጆች ስታሳይ። እሷ ራሷ ግን አንድም ወንዝ ላይ ወጥታ አታውቅም። ነገሩን ባነሳች ቁጥር ክቡርነታቸው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይሉና ያስተኙታል። ነገሩ እንዲህ እየተኛ እየተኛ እሷም ጡረታ ደረሰች። ባለፈው ወር እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና «ሦስት ቀን በታንኳ ልሄድ ነው። መምጣት የፈለገ ይምጣ፣ የፈራ ይቅር» አለች። ይህን ስትል ሳህኗን ነበር የምታየው፤ ግን ለማን እንደተናገረች ለሁላችንም ገብቶናል። ያለ እሳቸው ብትሄድ ሦስቱን ቀን ሙሉ ወደ ኋላ እያየች እንደምትቀዝፍም አውቀናል።

ክቡርነታቸው እጃቸውን ጠረጉ። ተነስተው ወደ ኮሪደሩ ሄዱ። ወዲያው የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት። የእህቴ ልጅ፣ ነርሷ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እየሸከፈ ነው» አለችኝ።

የመሄጃው ቀን ሾፌሩ መጥቶ ጎማውን አየ፣ ዕቃውን አየ፣ ክቡርነታቸውን አየ። «ቤት እየለቀቃችሁ ነው?» አለን። ሁለት ሻንጣና ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት አንድ የብረት ሣጥን ነበራቸው፤ እህቴ፣ ልጇና እኔ ግን አንድ አንድ ሻንጣ። ሣጥኑን መኪናው ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው አስፈልጎ ነበር።

ታንኳዎቹ የሚነሱበት ካምፕ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ጫካው መሐል ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ሦስት የእንጨት ቤቶች፣ ቆርቆሮ ጣሪያ የለበሰ ግድግዳ የሌለው አንድ ዳስ፣ በዳሱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ። መቅዘፊያዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ ገመድ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተዋል። እርጥብ እንጨት እርጥብ እንጨት ይሸታል። ወንዙ ከዳሱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ ሰፊ ነው፣ ዝም ያለ ነው። እህቴ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሄዳ ዳሩ ላይ ቆመች። ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም፣ እኛም አልጠራናትም።

አስጎብኚያችን ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። ክቡርነታቸው እጇን ጨብጠው ሳይለቁ ምርመራ ጀመሩ።

«ታንኳዎቹ ስንት ዓመታቸው ነው፣ ልጄ?»

«ስምንት ዓመት፣ አባባ።»

«የወንዙ ጥልቀትስ?»

«አንዳንድ ቦታ ጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ ከእኔ ቁመት በላይ።»

«በአማካይስ?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «በአማካይ ማንም አይሰጥምም» አለቻቸው። ክቡርነታቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ይህንኑ ጻፉ።

ከዚያ የጃኬት መለካት መጣ። አንዱን ለብሰው፣ ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ጎትተው ሲያበቁ ሁለተኛ ጠየቁ። «ሁለት ከለበሱ እኮ እጅዎ አይንቀሳቀስም፣ ምን ሊቀዝፉበት ነው?» ብትላቸው «ለማንኛውም» አሉ። እሷም ይህን ቃል ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። አዘንኩላት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ይህች አስጎብኚ አንድ ደንብ አላት። በዋዜማው፣ ጉዞ ሳይጀመር፣ የሁሉም ሰው ሻንጣ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። እያንዳንዱ ሰው ይዞ የሚገባው ዐሥራ አምስት ኪሎ ብቻ ነው፣ ድንኳኑና ብርድ ልብሱ ተጨምሮ። ደግሞ ማንም የራሱን ዕቃ አይመርጥም። አብሮት አንድ ታንኳ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው የሚመርጥለት። «የራሱን ዕቃ መጣል የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም» አለችን።

እኔ የተመደብኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። ሳትራራ ሁለተኛ ጫማዬንና ለሦስት ወር አነባለሁ እያልኩ የተሸከምኩትን ወፍራም መጽሐፍ ወደ ጎን ወረወረች። «አጎቴ፣ እዚህም አታነበውም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ክቡርነታቸው ከእህቴ ጋር ናቸው። ጓጉንቸሩ ተከፈተ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም አያለሁ ብዬ አላስብም። የሆስፒታል ፋሻ ሃያ ሜትር። ሦስት የሙቀት መለኪያ። የአይጥ ወጥመድ። ስድስት ፊሽካ። የማኅተም ቀለም ከነመርገጫው። የግድግዳ ሰዓት። ባለ አምስት ቀዳዳ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ።

«እዚህ እኮ መብራት የለም» አለች እህቴ ማከፋፈያውን አንስታ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው?»

«ከመጣስ?»

«ይቅር!» አለች። የግድግዳውን ሰዓት አነሳች። «ይሄስ?»

«የእጅ ሰዓታችን ሁሉ ቢቆም…»

«ይቅር!»

በየዕቃው አንድ ንግግር አደረጉ። ወጥመዱ ከየት እንደተገዛ፣ ፊሽካዎቹ ለምን ስድስት እንደሆኑ፣ ሁሉንም አስረዱ። እህቴ «ይቅር» እና «ይሂድ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ፈተና እንደምታርም አስተማሪ ነበረች። አስጎብኚዋ በሚንጠለጠለው ትንሽ ሚዛኗ እየመዘነች አርባ አንዱን ኪሎ ወደ ዐሥራ አምስት አወረደችው። ክቡርነታቸው የቀረውን ዕቃ ወደ ብረት ሣጥኑ መልሰው፣ ካርቦን አስገብተው በሦስት ኮፒ ዝርዝር ጻፉና ልጅቷን አስፈረሙ። አንደኛው ኮፒ ለእሷ፣ አንደኛው ለሣጥኑ፣ ሦስተኛው ለማንኛውም።

የሚያስቀው እዚህ ላይ አለቀ። አስጎብኚዋ ጠረጴዛው ላይ አራቱን የምዝገባ ቅጾቻችንን ዘርግታ መደመር ጀመረች። ቅጾቹን ከሳምንታት በፊት የሞሉልን ክቡርነታቸው ናቸው፤ ቅጽ ባለበት ቤት ሌላ ሰው እስክሪብቶ አይነካም። ልጅቷ ደመረች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ እንደገና ደመረች።

«ችግር አለ» አለች። «ወንዙ በዚህ ወር ጎድሏል፤ ታንኳ ከከበደ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ ደግሞ ይገለበጣል። አንዱ ታንኳ የሚችለው ከነሰውና ከነዕቃው መቶ ሰባ ኪሎ ነው። ለሁለቱ ሦስት መቶ አርባ። እናንተ ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ናችሁ። ሰዉን ባቀያይርም ያው ነው።»

«ያንቺ ታንኳስ?» አለች የእህቴ ልጅ።

«የሦስት ቀን ምግባችሁን ጭኖ ጢም ብሏል።» ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቅርታ፤ ግን አንድ ሰው መቅረት አለበት። ነገ ጠዋት ዕቃ የሚያመጣ መኪና አለ፣ ይዞት ይመለሳል።»

ከዚያ ወረቀቷን አየችና እኔን አየች። «ትልቁ የእርስዎ ነው፤ ዘጠና ሁለት።»

«ማን፣ እኔ?» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ሰማንያ ሁለት ነኝ!»

 ሁሉም ሆዴን ነው የሚያዩት። የእህቴ ልጅ ክንዴን ዳሰስ አድርጋ «ምናልባት ቤትህ ያለው ሚዛን አርጅቶ ይሆናል» አለችኝ፣ በሽተኛ በምታጽናናበት ድምፅ። ጉድ እኮ ነው! እኔ ራሴ ተጠራጠርኩ። ጠረጴዛው ሥር በእጄ ወገቤን ለካሁ። ሰው ደግሞ ሳያውቀው ይወፍራል፤ ምን ይታወቃል?

ይህን ጊዜ ክቡርነታቸው ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ሌላ ማንም አይቀርም» አሉ። «እኔ እቀራለሁ።»

እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው። የተቆጣች አልመሰለችም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። «እኔስ አውቄው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያላንተ ደግሞ አልሄድም። እንግዲህ ሁላችንም እንመለስ።» ተነስታ ወደ ወንዙ ወረደች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ።

ቆሽቴ አረረ። ሠላሳ ምናምን ዓመት «ይቅርብን» ሲሉ ኖረው፣ በመጨረሻው ሰዓት ቀዳዳ አገኙና ሾለኩ አልኩ በሆዴ። ክቡርነታቸው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሄደው የብረት ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ተከትያቸው ሄድኩ። በዕድሜዬ ጮክ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ልናገር ነበር።

«ጋሼ፣ ከፈሩ ፈራሁ ማለት ነበር። እስከዚህ ድረስ አምጥተዋት…»

«ፈርቼ አይደለም» አሉኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ቁጥሩ ልክ አይደለም።»

«የቱ ቁጥር?»

«የሁላችሁም። ለእያንዳንዳችሁ ዐሥር ዐሥር ኪሎ ጨምሬ ነው የሞላሁት።»

መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ሰማንያ ሁለት! እንግዲያው ሆዴ ያው የድሮው ሆዴ ነው። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። «ለምን?» አልኳቸው።

«ለማንኛውም ነዋ! ሰዎቹ ከባድ ናቸው ካልኩ ጠንካራ ታንኳ ያዘጋጁላችኋል ብዬ። እንዲህ እንደሚደምሩት በምን አውቃለሁ?»

«ለራስዎስ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ለራሴ ቀነስኩ።»

«ስንት?»

«ዐሥር። ሽማግሌ ነው፣ አይዋኝም፣ በዚያ ላይ ይከብዳል ብለው እንዳይመልሱኝ። ዕድሜዬን መቀነስ አልችልም፣ መታወቂያ ላይ አለ። መዋኘቱን ከየት አመጣዋለሁ? የሚቀነስ ነገር ሳጣ ኪሎዬን ቀነስኩ።»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተመለሰ። «ታዲያ ይህን እኮ መናገር ነው፣ ጋሼ! አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«አንተ አታውቅም» አሉኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈርም አንድ ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም። እህትህ ይህን ታውቃለች፤ በዚህ ነው የምታከብረኝ። ውሸታም ነው ከምትለኝ ፈሪ ነው ብትለኝ ይሻለኛል። ፈሪ መሆኔንማ ለምዳዋለች።»

እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በሉት። ሳጥኑ ጫፍ ላይ ቦታ ፈልጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እሷ ግን የመጣችው ከርስዎ ጋር ወንዝ ለመውረድ ነው» አልኳቸው። «ፈሪ ነው ብላ ከምትመለስ፣ ዋሽቷል ብላ ብትሄድ አይሻልም?»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሱ፣ ኮታቸውን ጎትተው አስተካከሉ፣ የኦዲት ኮሚቴ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔም የማላውቅ መስዬ ከኋላ ተከተልኩ። ሰው ምን ያድርግ፣ እህቴ ናት።

«ስሚኝማ» አሏት። ዞር አላለችም። ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ለእሷ ዐሥር፣ ለልጃቸው ዐሥር፣ ለእኔ ዐሥር መጨመራቸውን ጭምር።

«ለራስህስ ስንት ጻፍክ?» አለች።

«ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ አንድ!» አሁን ዞረች። «አንተ እኮ የሰርጋችን ቀን እንኳ ስልሳ አንድ አልነበርክም!»

ትስቃለች ስል አልሳቀችም። «እንግዲያው መምጣት ፈልገህ ነበር ማለት ነው?» አለቻቸው።

«ታዲያስ!»

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ!  ግን ሠላሳ አራት ዓመት ከትምህርት ቤት እስክትመለሺ መስኮት ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኩሽ። አንዳንድ ቀን ስትዘገዪ ምን እንደምሆን አንቺ አታውቂም። አሁን ደግሞ ሦስት ቀን ወንዝ ዳር ቆሜ ልጠብቅሽ? አልችልም። አብሬሽ ብሰምጥ ይሻለኛል።»

 እጇን ዘረጋችላቸው፤ ለመነሳት መስሏቸው ሲስቧት እሷ ወደ ታች ሳበቻቸውና አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ጫማቸው ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከነካልሲው። ልብ ብዬ አየሁ፣ ምንም አላሉም።

አስጎብኚዋ ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም። «ሰው የሚመዝን ሚዛን የለኝም» አለች። «ውሃው ግን ይመዝናል።» ለካስ በታንኳዎቹ ጎን ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ሰውና ዕቃ ተጭኖ ውሃው መስመሩን ካለፈ አይኬድም። እዚያው ይሞከር ተባለ። ሁለቱን ታንኳዎች ወደ ዳሩ አወረድን፣ ሻንጣዎቹን ጫንን። እኔና የእህቴ ልጅ ገባን። እህቴ ከፊት ተቀመጠች። ክቡርነታቸው አንድ እግራቸውን ታንኳው ውስጥ፣ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው ለጊዜው ቆሙ። መሬትና ታንኳ ቀስ በቀስ መራራቅ ጀመሩ።

«አባባ፣ ይወስኑ!» አለቻቸው አስጎብኚዋ።

ገቡ። ታንኳው ወዲያ ወዲህ ሲል ሁለቱን ጎን አንቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ጎንበስ ብላ የሁለቱንም መስመር አየች፤ በጣቷም ለካች።

«ይበቃል» አለች። «እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል።»

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ስንት?» አሉ።

«አራት ኪሎ ቢሆን ነው።»

«እንግዲያው የግድግዳው ሰዓት…»

«አይሆንም!» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ።

ውረዱ ሲባል ግን አልወረዱም። አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ቀጥለው ሁለተኛውን። ውሃውን አዩ፣ የእህቴን ጀርባ አዩ። «ትንሽ እንቆይ» አሉ። ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ እስክትደርስ ሁለቱ እዚያው፣ በአንድ ገመድ ከዳሩ ጋር በታሰረው ታንኳ ላይ፣ ወሬ ሲያወሩ ቆዩ። እህቴ በእጇ ወዲያና ወዲህ እያሳየች ወንዙ የት እንደሚታጠፍ ታስረዳቸው ነበር።

እኛ ወደ ጠረጴዛው ተመለስን። አስጎብኚዋ በቅጾቹ ላይ ትክክለኛውን ክብደት ስታስተካክል አንድ ነገር አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ‹አደጋ ቢያጋጥም የሚጠራ ሰው› የሚለው ላይ ለሦስታችሁም የተጻፈው አንድ ስም ነው። የአባባ ስም።»

«በሳቸው ቅጽ ላይስ?» አልኳት።

«ባዶ ነው።» ራሷን ነቀነቀች። «እሳቸው እኮ አብረዋችሁ ውሃ ላይ ናቸው። የሚጠራው ሰው ደረቅ መሬት ላይ ያለ መሆን አለበት። ሌላ ስጡኝ።»

የእህቴ ልጅ ለራሷ አንዲት የሥራ ባልደረባዋን አስጻፈች። ለእናትና ለአባቷ ደግሞ አንድ ጎረቤት አሰበች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም፤ የስም ዝርዝሩ ግን አለ። ከላይ ወደ ታች ወረድኩ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣሁ። አለቃዬ አለ፣ ጸጉር አስተካካዬ አለ፣ ሦስት የቧንቧ ሠራተኛ አለ። እኔ ግን አንድ ነገር በደረሰብኝ ቁጥር የደወልኩላቸው አንድ ሰው ናቸው። ኩላሊቴን ያመመኝ ቀን። ቁልፌ ውስጥ ቀርቶ ደጅ ያደርኩ ቀን። ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ቀን ደግሞ፣ ደውዬ መናገር አቅቶኝ ዝም ስል፣ ምን ሆንክ እንኳ ሳይሉኝ ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው መጡ። ዘጠኝ ቀን ሳሎኔ ሶፋ ላይ ተኙ። «ምን ያደርጋሉ እዚህ?» ባልኳቸው ቁጥር «ለማንኛውም ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ስቄባቸዋለሁ፣ አሁንም እስቅባቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁ ግን፣ ከወንድም በላይ።

«እህስ፣ ማንን ልጻፍ?» አለችኝ አስጎብኚዋ።

«እሳቸውኑ ተይልኝ።»

«ነገርኩዎት እኮ፤ እሳቸው ታንኳ ላይ ናቸው።»

«ገባኝ።»

«መዋኘትም አይችልም፣ አጎቴ» አለች የእህቴ ልጅ።

ወደ ወንዙ አየሁ። ገና አልወረዱም፤ ሁለት እጃቸው አሁንም ታንኳውን እንዳነቀ ነው።

«ይደርሳሉ» አልኳት።